በኮምፒዩተር የተዘጋጀ የፎቶግራፍና የሙዚቃ ትዕይንትን በቴሌቪዥን ወደሚታይ ዲቪዲ ስለመቀየር

የሠርግ፣ የምረቃ፣ የክርስትና ወይም የሙት ዓመት መታሰቢያ ፎቶግራፎችን በቅደም ተከተል አደራጅቶ ከሙዚቃ ጋር በኮምፒዩተር ማሳየት የተለመደ ሆኗል። ስላይድ ሾው በመባል የሚታወቀው ይህ ትዕይንት በተዘጋጀበት ኮምፒዩተር ላይ ያለ ችግር ይታያል። ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ለሌላቸው ወላጆችና ዘመዶች ለማድረስ ግን በዲቪዲ ማጫወቻ በሚነበብ ዲስክ መዘጋጀት ይኖርበታል። ዘወትር የሚያጋጥመው ችግር ፋይሉ እንዳለ ወደ ዲስክ ተገልብጦ ሲላክ በተቀባዩ ቤት ያለው ማጫወቻ ሳያነበው መቅረቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የችግሩን ምክንያት፣ ትክክለኛውን የአሠራር ቅደም ተከተል፣ እንዲሁም ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

፩. የፋይል ዲስክና የቪዲዮ ዲቪዲ ልዩነት

በአንድ ዲቪዲ ላይ መረጃ የሚቀመጥባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የፋይል ዲስክ ነው፤ ፎቶግራፎች፣ ዘፈኖችና የፓወርፖይንት ፋይሎች በፍላሽ ላይ እንደሚቀመጡት ሁሉ በዲስኩ ላይ ይገለበጣሉ። ይህን ዲስክ ኮምፒዩተር ያነበዋል። አንዳንድ ማጫወቻዎችም በውስጡ ያሉትን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሙዚቃውን ከፎቶግራፎቹ ጋር አያቀናጁም፤ የፓወርፖይንት ፋይልንም አይከፍቱም።

ሁለተኛው የቪዲዮ ዲቪዲ ነው። የዲቪዲ ማጫወቻዎች እ.ኤ.አ. ከ1996 መጨረሻ ጀምሮ ለገበያ ሲቀርቡ የተሠሩት ቁርጥ ያለ ደረጃን ተከትለው ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት ምስሉ ኤምፔግ 2 በተባለው የቪዲዮ ዓይነት፣ ድምፁም በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና በሚወሰድበት አሠራር መዘጋጀት አለበት። የተዘጋጁት ፋይሎችም «ቪዲዮ ቲኤስ» ተብሎ በሚነበብ ፎልደር ውስጥ በተወሰነ ሥርዓት ይቀመጣሉ። ማጫወቻው ዲስክ ሲገባለት በቅድሚያ የሚፈልገው ይህንን ፎልደር ነው። ስለዚህ ትዕይንቱን ወደ ዲቪዲ መቀየር ማለት ፋይል መገልበጥ ሳይሆን፣ ምስሉንና ድምፁን በዚህ ደረጃ እንደገና ማዘጋጀት ማለት ነው።

፪. አስቀድሞ መሟላት ያለባቸው

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚከተሉት መዘጋጀት ይኖርባቸዋል፦

• የዲቪዲ መጻፊያ ያለው ኮምፒዩተር። አዳዲስ ላፕቶፖች በአብዛኛው መጻፊያ ስለሌላቸው በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ መጻፊያ መጠቀም ይቻላል።
• 4.7 ጊጋባይት የሚይዝና አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ባዶ ዲስክ። «ዲቪዲ አር» የሚል ምልክት ያለበት ዲስክ በቆዩ ማጫወቻዎች ዘንድ የተሻለ ተነባቢነት አለው። እየተደመሰሰ ደጋግሞ የሚጻፍበትን ዲስክ ግን በርካታ የቆዩ ማጫወቻዎች ለማንበብ ይቸገራሉ።
• የዲቪዲ ማዘጋጃ ፕሮግራም። በዊንዶውስ ቪስታና በዊንዶውስ 7 አንዳንድ እትሞች ውስጥ ዊንዶውስ ዲቪዲ ሜከር የተባለ ፕሮግራም አብሮ ይገኝ ነበር፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን ተነሥቷል። በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዲቪዲ ስታይለር ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ አማራጭ ሊሆን ይችላል።
• ቢያንስ ሃያ ጊጋባይት ባዶ ቦታ በኮምፒዩተሩ ሃርድ ዲስክ ላይ፤ ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ ጊዜያዊ ፋይሎችን ስለሚፈጥር ነው።

፫. የአሠራር ቅደም ተከተል

ደረጃ 1፦ ፎቶግራፎቹን መምረጥና መቁጠር። የፎቶግራፎቹ ብዛት ከሙዚቃው ርዝመት ጋር መመጣጠን አለበት። አንድ ፎቶግራፍ ስድስት ሰከንድ ያህል ቢቆይ፣ አራት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን አርባ ፎቶግራፎችን ያስተናግዳል። በርካታ ሰዎች የሚታዩባቸው የቡድን ፎቶግራፎች ተመልካቹ እያንዳንዱን ፊት ለይቶ እንዲያይ ስምንት ወይም አሥር ሰከንድ ቢሰጣቸው ይመረጣል።

ደረጃ 2፦ ፋይሎቹን መሰየም። የፎቶግራፎቹና የሙዚቃው ፋይሎች በላቲን ፊደልና በቁጥር፣ ለምሳሌ 001፣ 002፣ 003 እየተባሉ ቢሰየሙ ቅደም ተከተላቸው አይፋለስም። አንዳንድ የዲቪዲ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች በግእዝ ፊደል የተሰየመ ፋይልን ለመክፈት ስለሚቸገሩ ይህ ጥንቃቄ አስፈላጊ ነው።

ደረጃ 3፦ ጽሑፍ ማስገባት። የቴሌቪዥን መስኮት የምስሉን ዳር በጥቂቱ ሊቆርጥ ስለሚችል ስምና ቀን ከጠርዙ አሥር በመቶ ያህል ወደ ውስጥ ገብተው መጻፍ አለባቸው። የአማርኛ ጽሑፍ በዲቪዲ ማዘጋጃ ፕሮግራሙ ማውጫ ላይ በቀጥታ ሲጻፍ በፊደል ፋንታ ባዶ ሣጥን የሚታይ ከሆነ፣ ርእሱን በፓወርፖይንት ጽፎ እንደ ሥዕል አስቀምጦ ማስገባት መፍትሔ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ትዕይንቱን ወደ ቪዲዮ መለወጥ። ትዕይንቱ በፓወርፖይንት የተሠራ ከሆነ፣ ከ2010 እትም ጀምሮ ያሉት ሁሉ ወደ ቪዲዮ የመለወጥ አገልግሎት አላቸው። ከመለወጡ በፊት እያንዳንዱ ገጽ በራሱ ጊዜ እንዲያልፍ፣ ሙዚቃውም ከመጀመሪያው ገጽ በኋላ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል መስተካከሉ ይረጋገጣል። ይህ ካልተደረገ ዘፈኑ በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ ይቆምና ቀሪው ትዕይንት ያለ ድምፅ ያልፋል።

ደረጃ 5፦ የዲቪዲውን ዓይነት መወሰን። ፕሮግራሙ ሲከፈት የዲስኩን መጠን፣ የምስሉን ቅርጽና የቴሌቪዥን ሥርዓቱን ይጠይቃል። ለሰፊ ቴሌቪዥን 16 በ9፣ ለቀድሞው ባለ ከርሥ ቴሌቪዥን 4 በ3 ይመረጣል። በኢትዮጵያ ለሚታይ ዲቪዲ ሥርዓቱ ፓል ይሆናል። በሰከንድ ስምንት ሜጋቢት በሚሆን ጥራት የተዘጋጀ የአንድ ሰዓት ምስል 3.6 ጊጋባይት ያህል ስለሚይዝ፣ እስከ አንድ ሰዓት የሚደርስ ትዕይንት በአንድ ዲስክ ላይ በጥሩ ጥራት ይቀመጣል። ትዕይንቱ ወደ ሁለት ሰዓት ከተጠጋ ጥራቱ መቀነስ ወይም በሁለት ዲስክ መከፈል አለበት።

ደረጃ 6፦ ከመጻፍ በፊት መሞከር። ውጤቱን በቀጥታ ወደ ዲስክ ከመላክ ይልቅ በቅድሚያ በኮምፒዩተሩ ላይ በፎልደር መልክ አስቀምጦ ቪ ኤል ሲ በተባለው ማጫወቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየት ይገባል። አንድ ጊዜ የተጻፈ ዲስክ አይታረምም፤ በዚህ ደረጃ የተገኘ ስሕተት ግን ያለ ወጪ ይስተካከላል።

ደረጃ 7፦ በዲስክ ላይ መጻፍ። በተለምዶ በርን ማድረግ የሚባለው ይህ ሥራ በዝግታ፣ ማለትም በ4 ወይም በ8 እጥፍ ፍጥነት ቢከናወን በቆዩ ማጫወቻዎች የመነበብ ዕድሉ ይጨምራል። ሙሉ ዲስክ በ4 እጥፍ ፍጥነት ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ መብራት ቢቋረጥ ዲስኩ ስለሚበላሽ ላፕቶፕ መጠቀም ወይም የኃይል መጠባበቂያ ማዘጋጀት ይመከራል። በመጨረሻም ዲስኩ መዘጋቱ ይረጋገጣል፤ ያልተዘጋ ዲስክ በጻፈው ኮምፒዩተር ላይ ቢታይም በማጫወቻ ላይ አይነበብም።

ደረጃ 8፦ በሌላ ማጫወቻ መሞከር። ዲስኩ ለባለቤቱ ከመላኩ በፊት ባልተጻፈበት መሣሪያ፣ በተለይም ከቴሌቪዥን ጋር በተያያዘ የዲቪዲ ማጫወቻ ላይ መታየት አለበት።

፬. ወደ ውጭ አገር ስለሚላክ ዲቪዲ

የዲቪዲ ሥርዓት ከአገር አገር ይለያያል። በኢትዮጵያ፣ በእስራኤል፣ በአብዛኛው አውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራባቸው ማጫወቻዎች ፓል የተባለውን ሥርዓት ይቀበላሉ፤ ምስሉም 720 በ576 ፒክሰል ሆኖ በሰከንድ 25 ጊዜ ይታያል። በአሜሪካና በካናዳ የሚሠራበት ኤንቲኤስሲ ሲሆን፣ ምስሉ 720 በ480 ፒክሰል ነው፤ በሰከንድም ወደ 30 ጊዜ ያህል ይታያል።

በፓል አገሮች የሚሸጡ ማጫወቻዎች በአብዛኛው ሁለቱንም ያነባሉ። በአሜሪካ የሚሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች ግን ፓልን አያነቡም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዲስክ ለአገር ቤትም ለአሜሪካም ለማድረስ የሚፈልግ ሰው ኤንቲኤስሲን ቢመርጥ የተሻለ ነው። በገበያ ላይ በሚሸጡ የፊልም ዲቪዲዎች ላይ የሚደረገው የአካባቢ ገደብ ኢትዮጵያን በ5ኛው፣ አሜሪካን በ1ኛው ክልል የሚመድብ ቢሆንም፣ በቤት ውስጥ በሚዘጋጁ ዲስኮች ላይ ይህ ገደብ ስለማይኖር አያሳስብም።

፭. ሥራውን ለአገልግሎት ሰጪ ስለመስጠት

ኮምፒዩተር የሌላቸው ወይም ሥራውን ራሳቸው ለመሥራት የማይፈልጉ ተገልጋዮች በፎቶ ቤቶችና በቪዲዮ ቤቶች ሊያሠሩ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ የሚከተሉት ነጥቦች አስቀድመው ቢነገሩና ቢረጋገጡ አለመግባባት አይፈጠርም፦

• ዲስኩ በቴሌቪዥን የሚታይ የቪዲዮ ዲቪዲ መሆን እንዳለበትና በየትኛው አገር እንደሚታይ፤
• የፎቶግራፎቹ ቅደም ተከተልና የስሞቹ አጻጻፍ በወረቀት ተጽፎ መሰጠቱ፤
• ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ዲስኩ በማጫወቻ ላይ ተሞክሮ መታየቱ፤
• ከዲስኩ በተጨማሪ የቪዲዮው ፋይል በፍላሽ መቀበሉ፤
• ፎቶግራፎቹ ለቤቱ የተሰጡት በፍላሽ ቅጂ እንጂ በብቸኛው ዋና ማስቀመጫ አለመሆኑ፣ ሥራውም ሲጠናቀቅ ከቤቱ ኮምፒዩተር ላይ መደምሰሳቸው።

፮. ዲስኩ በትክክል ካልሠራ

ማጫወቻው ዲስኩን ጨርሶ ካላነበበ፣ የፋይል ዲስክ ሆኖ ተጽፎ ወይም ሳይዘጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። «ቪዲዮ ቲኤስ» የተባለው ፎልደር በዲስኩ ላይ ካለና ዲስኩም ተዘግቶ ከሆነ፣ በሌላ ዓይነት ባዶ ዲስክ ላይ በዝግታ መጻፍ ይሞከራል። ድምፅ እየተሰማ ምስሉ ቀለም አልባ ከሆነ ወይም ወደ ላይና ወደ ታች ከዘለለ የቴሌቪዥን ሥርዓቱ አልተጣጣመም ማለት ነው። ሰዎች ቀጥነው ወይም ሰፍተው ከታዩ የምስሉ ቅርጽ ተሳስቶ ተመርጧል። ምስሉ በመሐል እየቆመ የሚሄድ ከሆነ የዲስኩ ገጽ ተቧጥሮ ወይም አቧራ ይዞ እንደሆነ ታይቶ፣ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ ባለ መስመር በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል።

፯. የሙዚቃ ባለቤትነት መብት

በኢትዮጵያ የሙዚቃ ሥራዎችና የድምፅ ቅጂዎች በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቁ ናቸው። አዋጁ ግለሰብ ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ እንዲያባዛ ቢፈቅድም፣ የሌላ ሰው ሙዚቃ ያለበትን ዲቪዲ አባዝቶ መሸጥ፣ ማከፋፈል ወይም ለሕዝብ ማሳየት የባለመብቶቹን ፈቃድ ይጠይቃል። ለብዙ ሰዎች የሚታደል ዲቪዲ የሚያዘጋጅ ሰው በቤተሰቡ አባል የተደረሰና በራሱ የተዘፈነ ወይም የተነገረ ድምፅ በፈቃዱ ቢጠቀም ከዚህ ጥያቄ ነጻ ይሆናል። በዝርዝር ጉዳዮች ላይ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ማነጋገር ይቻላል።

፰. ዋናዎቹን ፎቶግራፎች ስለመጠበቅ

ዲቪዲው የማሳያ ቅጂ እንጂ የፎቶግራፎቹ ማስቀመጫ አይደለም። በፓል ሥርዓት የአንድ ምስል ጠቅላላ መጠን 414,720 ፒክሰል ነው። በ12 ሜጋፒክሰል ስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ወደዚህ ዲቪዲ ሲገባ ከዝርዝሩ የሚቀረው ከሠላሳ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። በቴሌቪዥን ላይ ጥርት ብሎ ቢታይም፣ ከዲቪዲው ላይ መልሶ በትልቅ ወረቀት ማሳተም አይቻልም። ትዕይንቱ ከተሠራ በኋላ ዋናዎቹን ከስልኩ የደመሰሰ ሰው፣ የማይተኩትን ፎቶግራፎች ለዘለቄታው አጥቷል።

ስለሆነም ዋናዎቹ ፎቶግራፎች ሳይቀነሱ ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ በውጫዊ ሃርድ ዲስክና በሌላ የቤተሰብ አባል ዘንድ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ሊቀመጡ ይገባል። ዲቪዲው ራሱም ከፀሐይ ብርሃን፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ተጠብቆ፣ በመያዣው ውስጥ ቆሞ ይቀመጣል። በላዩ ላይ ወረቀት መለጠፍም ሆነ በእስክሪብቶ መጻፍ ዲስኩን ስለሚጎዳ፣ ስምና ቀን ለዲስክ በተዘጋጀ ለስላሳ ማርከር ይጻፋል። ዲስኮች በጊዜ ብዛት የሚበላሹ በመሆናቸው በየጥቂት ዓመቱ እየታዩ በአዲስ ዲስክ ላይ መገልበጥ አስፈላጊ ነው።