ኤርሁና ቫዮሊን፦ ማን ለማን ይቃኝ?

ባለፈው ሳምንት ስለ ቻይና የባህል አብዮት ሳስተምር አንድ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ማሲንቆን ከፒያኖ ጋር መቀላቀል ባህል ማበላሸት ነው ወይስ ማሳደግ?» አለኝ። ክፍሉ ከርዕሱ የወጣ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄው ልክ ቦታው ላይ እንደገባ ነው የታየኝ። ደወሉ ስላቋረጠኝ መልሱን እዚህ ልጻፈው።

ቻይናውያን ኤርሁ የሚሉት መሣሪያ አላቸው። የማሲንቆ ዘመድ በሉት፤ ግን ባለ ሁለት ክር ነው። የድምፅ ሳጥኑ በዘንዶ ቆዳ ይለበጣል፣ የደጋኑ ጭራ ደግሞ በሁለቱ ክሮች መሃል ያልፋል። ሊዩ ቲያንኋ (1895-1932) የሚባል ሙዚቀኛ ቫዮሊን ተምሮ የቫዮሊንን አጨዋወት ወደ ኤርሁ አመጣ። በ1927 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ውስጥ የአገር ሙዚቃን የሚያሻሽል ማኅበር አቋቋመ። በዚያ ክፍለ ዘመን ፒፓ የሚባለው ባለ አራት ክር መሣሪያም በፒያኖው 12 ድምፆች ልክ እንዲሆን ተስተካከለ። ልብ በሉ፣ ፒፓው ነው ወደ ፒያኖው የሄደው፤ ፒያኖው ከቦታው አልተነቃነቀም።

ከዚያ 1966 መጣ። የምዕራብ ሙዚቃ «የቡርዧ» ተባለ፣ የሙዚቃ መምህራን በአደባባይ ተዋረዱ። ዪን ቼንግዞንግ የሚባል ወጣት ፒያኖ ተጫዋች መሣሪያውን ለማዳን ሲል በ1967 ፒያኖ አስጭኖ ቲያናንመን አደባባይ ላይ ለሕዝብ ተጫወተ። በዓመቱ ፒያኖ የቤጂንግ ኦፔራን እንዲያጅብ ተፈቀደ። የማኦ ሚስት ጂያንግ ቺንግ በምትቆጣጠራቸው ኦፔራዎችም የቻይና መሣሪያዎችና ቫዮሊኖች አንድ ላይ ተቀመጡ። ቅልቅሉ ተሳካ፤ ግን በትእዛዝ ነበር።

አሁን ወደ አንዲት ልጅ ልውሰዳችሁ። ቼን ዪ በ1953 ጓንግዡ ተወለደች። አብዮቱ ሲጀመር ጎረቤት እንዳይሰማ ቫዮሊኗ ላይ ድምፅ ማፈኛ አድርጋ፣ ፒያኖው ውስጥ ብርድ ልብስ ከትታ ትለማመድ ነበር። በ15 ዓመቷ ገጠር ተልካ ድንጋይ ተሸከመች፤ ቫዮሊኗን ግን ይዛው ሄደች። በ17 ዓመቷ የከተማዋ የቤጂንግ ኦፔራ ቡድን ቫዮሊን ተጫዋች ይፈልግ ስለነበር ተመለሰች። እዚያ ስምንት ዓመት ከአገሯ መሣሪያዎች ጎን ተቀምጣ ስትጫወት የራሷን ሙዚቃ ተማረች። በትእዛዝ የተሠራው ቅልቅል ለእሷ ትምህርት ቤት ሆነላት።

ኮንሰርቫቶሪው ሲከፈት በ1978 ቤጂንግ ገባች፤ በ1986 ደግሞ አሜሪካ ሄደች። በ2001 «ኒንግ» የተባለውን ሥራዋን ለቫዮሊን፣ ለቼሎና ለፒፓ ጻፈች። ኒንግ የናንጂንግ ሌላ ስሟ ነው። ሥራው በ1937 የጃፓን ጦር እዚያ ለጨፈጨፋቸው ሰዎች መታሰቢያ ነው።

ሦስት ሰው ብቻ ሲጫወት ማንም ማንም ውስጥ አይደበቅም። የፒፓ ድምፅ ተመትቶ ቶሎ ይጠፋል፤ የቼሎ ድምፅ ግን ይረዝማል። ፒፓውን እንደ ማጣፈጫ ጣል ያደረገ አቀናባሪ ወዲያው ይታወቅበታል። ቼን ዪ ቫዮሊኑንም የቻይና አነጋገር ታስለምደዋለች፤ ድምፁ እንደ ኤርሁ እየተንሸራተተ ይወጣል ይወርዳል። አሁን ፒያኖው ሳይሆን ቫዮሊኑ ነው የተነቃነቀው።

ስለዚህ ልጄ፣ መልሴ ይኸው። መቀላቀል ብቻውን አያበላሽም፣ አያሳድግምም። ጥያቄው ማን ለማን ተቃኘ ነው። የእኛም ቅኝቶች ከፒያኖው ቁልፎች ጋር ሁሌ እኩል አይገጥሙም። ማሲንቆውን በፒያኖ ልክ አስረን «ዘመናዊ አደረግነው» ካልን ያው ማሰር ነው። ፒያኖ ተጫዋቹም ቁጭ ብሎ ትዝታን ከተማረ ግን መነጋገር ተጀመረ ማለት ነው።

ሰኞ ክፍል እንቀጥላለን። እስከዚያ እናንተስ ምን ትላላችሁ?