ከጣራ የሚጀመር ሥራ

ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች «ባክሎግ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ገና ያልተነኩ ሥራዎች ዝርዝር ማለት ነው። የዕቅድ ስብሰባው ሳይደርስ ዝርዝሩ ካልተጣራ፣ ትልቁ ሥራ ካልተከፋፈለ፣ የቱ የቱን እንደሚጠብቅ ካልታወቀ፣ ስብሰባው በክርክር ያልቃል። ብዙዎቻችን ይህ ከውጭ የመጣ ጥበብ ይመስለናል። እስቲ ወደ ላስታ እንውጣ።

ሌላው ቤት ከመሠረት ይጀመራል። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ግን የተጀመሩት ከጣራቸው ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ያውቀዋል። ጠራቢዎቹ ዙሪያውን 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ቆፈሩ፣ መካከል የቀረውን ዐለት ከላይ እየጠረቡ ወረዱ፣ ውስጡንም ፈለፈሉ። እዚህ ሥራ ላይ የተነሣ ድንጋይ አይመለስም። ዓምድ የሚሆነው ቦታ አስቀድሞ ካልተተወ ዓምድ የለም። ትውፊቱ ሌሊት መላእክት ያግዙ ነበር ይላል፤ ቀን የሚሠራው ሰው ግን መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት ቅደም ተከተሉን በልቡ መያዝ ነበረበት።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለማዳን ተብሎ ሬንጅ ተቀቡ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የጣሊያናዊው አርክቴክት የሳንድሮ አንጀሊኒ ቡድን ለጥገና ሲመጣ፣ ካከናወናቸው ሥራዎች አንዱ ያንኑ ቅብ መፋቅ ነበር። አንዱ የሠራውን ሌላው ማፍረስ ሆነ።

ቦታው በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ቆሙ። ጊዜያዊ ናቸው ተባለ። ግን «ጊዜያዊ» እስከ መቼ ነው? መጠለያው ከመነሣቱ በፊት የትኛው ስንጥቅ መጠገን፣ የትኛው ጣራ ውሃ ማስገባቱን ማቆም አለበት? መጠለያ ጊዜ ይገዛል እንጂ ዐለት አይጠግንም። ዐሥር ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2018፣ የከተማው ሕዝብ «ቅርሳችንን አድኑልን» ብሎ አደባባይ ወጣ። ስጋቱም መጠለያው ራሱ ወድቆ ቅርሱን እንዳይጎዳ ነበር።

አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ለዚህ ነው።

የተዘጋጀ ዝርዝር ረጅም ዝርዝር ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ሥራ ከእሱ በፊት ምን ማለቅ እንዳለበት፣ አለቀ የሚባለውም ምን ሲሆን እንደሆነ የተጻፈበት ነው። ሶፍትዌር ቢበላሽ ነገ ይታረማል። ላሊበላ ላይ ግን ነገ የለም፤ ስለዚህ ለቅርሱ ስብሰባ የሚጠራ ሁሉ ከአበሉ በፊት ይህን ዝርዝር ይዞ ይምጣ።