ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ

ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ በጠመንጃ ላይ የሚገጠም፣ ብዙውን ጊዜ ዒላማን የማያጎላ የማነጣጠሪያ መሣሪያ ነው። በውስጡ ያለችው ትንሽ አምፖል ብርሃን ሌንሱ ላይ ተንጸባርቆ ለተኳሹ እንደ ቀይ ነጥብ ይታያል። እንደ ውጅግራ ባሉ የቆዩ ጠመንጃዎች ተኳሹ የኋላውንና የፊቱን ማነጣጠሪያ ከዒላማው ጋር በአንድ መስመር ማዋል አለበት፤ በዚህኛው ግን ነጥቡን ዒላማው ላይ ማሳረፍ ይበቃል። የስዊድኑ ኤምፖይንት ኩባንያ የመጀመሪያ ምርቱን በ1975 እ.ኤ.አ. አወጣ።

አገጣጠም

በቅድሚያ ካዝናው ወጥቶ ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት ይረጋገጣል። ማነጣጠሪያው በማይነቃነቅ የጠመንጃው ክፍል ላይ በብሎን ይታሰራል። በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቀው ክላሽንኮቭ የላይ ክዳኑ ስስና ለጽዳት የሚነሳ ስለሆነ ለዚህ አይመችም፤ ስለዚህ አንዳንዶቹ በግራ ጎናቸው ማሰሪያ ሐዲድ አላቸው።

ማስተካከል

ከአስተማማኝ ድጋፍ ላይ ሆኖ በተኩስ ልምምድ ቦታ ሦስት ጥይት ይተኮስና የምቶቹ መካከል ይለካል። የማስተካከያው አንድ ቀጭታ አንድ የማዕዘን ደቂቃ ከሆነ፣ በ50 ሜትር ምቱን 1.5 ሳንቲሜትር ያህል ያዛውራል። ምቱ 6 ሳንቲሜትር ዝቅ ካለ አራት ቀጭታ ወደ ላይ ማለት ነው።

ርካሽ ማነጣጠሪያዎች

ዋና ድክመታቸው በጠመንጃው ርግጫ ማስተካከያቸው መዛባቱ ነው። ነጥቡ እየታየ ጥይቱ ሌላ ቦታ ሊያርፍ ስለሚችል፣ ከተወሰነ ተኩስ በኋላ ብሎኑና ምቱ እንደገና ይፈተሻሉ። ባትሪው ቢያልቅ እንዲያገለግል የጠመንጃው የራሱ ማነጣጠሪያ አይነሳም።

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይመራል።