እንቁላል ተሸካሚው አዳኝ

ግዙፍ የውሃ ትኋን (ቤሎስቶማ ፍሉሚኒየም)፣ ወንድ። ርዝመት፦ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ። መኖሪያ፦ የሰሜን አሜሪካ ኩሬዎች።

የፊት እግሮቹ እንደ ጉጠት የታጠፉ ናቸው። በውሃ ሣር መሐል አድፍጦ ትናንሽ ነፍሳትን፣ ቀንድ አውጣን፣ እግር ያላወጣ የእንቁራሪት ልጅን ሳይቀር በእነዚህ ቀፍድዶ ይይዛል፤ በሹል አፉ ወግቶ ሥጋ የሚያሟሟ ምራቅ ይረጭና የሟሟውን ይመጥጣል። ጀርባውን ያለበሱት እንቁላሎች ግን ሌላ ታሪክ ይናገራሉ፤ ይህ አዳኝ ልጆቹን ተንከባካቢ አባት ነው።

እንቁላሎቹን የለጠፈችበት ሴቷ ናት። የቀድሞ ተመራማሪዎች ተሸካሚዋ ሴት መስላቸው ነበር፤ ወንድ መሆኑ ሲታወቅም «ያለ ውዴታው የተጫነበት ዕዳ ነው» ያሉ አልጠፉም። ሸክሙ ዋናውን ስለሚያከብድበት ጥርጣሬው መሠረት የለውም አይባልም። ሆኖም አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተማቸው ምልከታዎች ሌላ ያሳያሉ። ወንዱ ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ እንቁላሎቹን አየር ያስነካቸዋል፤ ጠልቆም ገላውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ውሃውን ያንቀሳቅስላቸዋል። ከጀርባው ተላቀው ውሃ ውስጥ የቀሩ እንቁላሎች አይፈለፈሉም፤ ደረቅ ቦታ የወደቁትም ይደርቃሉ። ዕዳ የተጫነበት ዕዳውን ይጥላል እንጂ አያስታምምም።

«ታዲያ ሌሎች ነፍሳት እንቁላላቸውን ጥለው ሲሄዱ ይህኛው ስለምን ይደክማል?» ቢባል፣ መልሱ ከአደኑ ላይ ይገኛል። እንደ እንቁራሪት ልጅ ያሉ ከትናንሽ ነፍሳት የሚበልጡ እንስሳትን ለማደን ትልቅ ገላ፣ ለትልቅ ገላም ትልቅ እንቁላል ያስፈልጋል፤ ትልቅ እንቁላል ደግሞ ረግቶ ከቆመ ውሃ በቂ ኦክስጅን አያገኝም። አባትነቱን የወለደው አዳኝነቱ ነው ማለት ይቻላል።