ከደመወዝ ጋብቻ እስከ ቅዱስ ቁርባን፦ የክርስቲያናዊ ጋብቻ ታሪክ በሀገራችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር የመጡ ብዙ ወጣቶች፣ ይልቁንም እኅቶቻችን፣ በልብስ ስፌትና በቆዳ ውጤቶች ሼዶቹ ውስጥ ተቀጥረው ይሠራሉ። ከወላጅ፣ ከንስሐ አባትና ከተወለዱበት አጥቢያ ርቀው፣ በአካባቢው ባሉ መንደሮች ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። የኪራዩ ክብደትና የብቸኝነቱ ጽናት ሳይጋቡ አብሮ ወደ መኖር የሚገፋቸው ጥቂቶች አይደሉም። ሲጠየቁም «ተክሊል ገንዘብ ላለው ነው»፣ «መጀመሪያ እንተዋወቅ፣ ከተስማማን በኋላ እንቆርባለን» የሚል መልስ ይሰጣሉ። ይህ መልስ አዲስ ይመስላል እንጂ በሀገራችን ታሪክ ውስጥ ረጅም ሥር ያለው ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

የጋብቻ መሠረት

ጋብቻ የሰው ፈጠራ አይደለም። እግዚአብሔር አዳም ብቻውን እንዳይሆን ረዳት ትሆነው ዘንድ ሔዋንን ከጎኑ አጥንት ፈጥሮ ሰጠው (ዘፍ. 2፥18-24)። ጌታችንም ፈሪሳውያን ስለ ፍቺ በጠየቁት ጊዜ የሙሴን ፈቃድ ሳይሆን ይህን የመጀመሪያውን ሥርዓት መሠረት አድርጎ፣ እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው ሊለየው እንደማይገባ አስተማረ (ማቴ. 19፥3-9)። በቃና ዘገሊላ ሠርግ ተገኝቶም የመጀመሪያውን ተአምር አደረገ (ዮሐ. 2፥1-11)። ልብ እንበል፤ በወንጌል የተጻፈልን ይህ ሠርግ ድግሱ የተሟላለት ሳይሆን የወይን ጠጁ ያለቀበት ሠርግ ነበር። ጌታ የሙሽሮቹን ማጣት አይቶ አልራቃቸውም፤ በእመቤታችን አማላጅነት የጎደለውን ሞላላቸው እንጂ።

በሐዋርያት እግር የተተኩት አባቶችም በዚሁ ትምህርት ጸንተዋል። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአንጾኪያው ቅዱስ አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳ ለቅዱስ ፖሊካርፐስ በጻፈው መልእክት፣ ተጋቢዎች በኤጲስ ቆጶሱ ፈቃድ ሊጣመሩ እንደሚገባ አሳስቧል። ጋብቻ የሁለት ሰዎች የግል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያንም ጉዳይ ነውና። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ በሙሽሮች ራስ ላይ የሚደረገው አክሊል የድል ምልክት መሆኑን ተርጉሟል፤ ተጋቢዎቹ በፍትወት ሳይሸነፉ ወደ ጋብቻ መድረሳቸውን ያመለክታልና። በሠርግ የሚታየውን ከልክ ያለፈ ጭፈራና የታይታ ወጪም አጥብቆ ነቅፏል። እንግዲህ የተክሊል ክብሩ በጸሎቱና በቅዱስ ቁርባኑ እንጂ በድንኳኑ ስፋት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ፍትሐ ነገሥትና ሦስቱ የጋብቻ ልማዶች

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብጻዊው ሊቅ ኢብን አል-ዐሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፍትሐ ነገሥት፣ ሃያ አራተኛውን አንቀጽ ለመተጫጨትና ለጋብቻ ሰጥቶታል። በዚህም መጽሐፍ የሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ የጋብቻ ምሰሶ ነው። ሥርዓቱ እንዲህ ተጽፎ ሳለ ግን የሕዝቡ ኑሮ በሦስት ልማዶች ተከፍሎ ቆይቷል።

የመጀመሪያው በተክሊልና በቁርባን የሚፈጸመው ነው። ይህ ጋብቻ ከሞት በቀር፣ ወይም ጌታ በወንጌል ከጠቀሰው ከዝሙት ምክንያት በቀር (ማቴ. 5፥32) የማይፈታ በመሆኑ፣ ካህናት ግዴታቸው ሆኖ ሲፈጽሙት ከሕዝቡ ግን ብዙው ይፈራው ነበር። ብዙ ባልና ሚስት የሚቆርቡት ልጆች ወልደው፣ ዕድሜያቸው ገፍቶ፣ «ከእንግዲህ አንለያይም» ባሉ ጊዜ ነበር። ሁለተኛው ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ዋስ ተጠርቶ፣ የሁለቱ ሀብት ተነግሮ የሚፈጸመው የሰማንያ ጋብቻ ነው። በኅብረተሰቡ ዘንድ የተከበረ ቢሆንም በሽማግሌ የታሰረው በሽማግሌ ይፈታ ነበር።

ሦስተኛው የደመወዝ ጋብቻ ይባላል። ነጋዴው፣ ወታደሩ ወይም ከአገሩ ርቆ የሄደ ሰው ለሴቲቱ የሚከፍላትን ተስማምቶ፣ ለተወሰነ ጊዜ ቤት እንድትይዝለት የሚያደርገው ስምምነት ነው። ጊዜው ሲያበቃ ሒሳቡ ይዘጋል፤ ሁለቱም በየመንገዳቸው ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ከጋብቻ አልቆጠረችውም። በዚህ ልማድ ሰው ለሰው የሚሰጠው ራሱን ሳይሆን ጊዜውን ነውና።

ዛሬ ኪራይ ለመጋራት ተብሎ የሚጀመረው አብሮነት ስሙ ይለያይ እንጂ ጠባዩ ከዚህ ልማድ ጋር ይመሳሰላል። ሁለቱም የሚነሡት ከአገር ርቆ ከመኖር ችግር ነው፤ ሁለቱም የመውጫውን በር ክፍት አድርገው ይጀምራሉ። ልዩነቱ የዛሬዎቹ ሁለቱም ደመወዝተኞች መሆናቸው ነው። ጉዳቱ ግን አሁንም ይልቁን በሴቲቱ ላይ ይወድቃል፤ ስትፀንስ ሥራዋንም፣ ቤቷንም፣ «እንተያይ» ያላትንም ሰው በአንድ ጊዜ ልታጣ ትችላለች።

ከታሪክ የምንማርባቸው ባለትዳሮች

በገድለ ተክለ ሃይማኖት እንደ ተጻፈው፣ የአባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ በግፍ የተለያዩ ባለትዳሮች ነበሩ። የዳሞቱ ገዥ ሞተለሚ ምድራቸውን ወርሮ እግዚእ ኀረያን ማርኮ ወሰዳት፤ ሊያገባትም ድግስ አዘጋጀ። እርሷ ግን በምርኮ ቤት ሆና ወደ እግዚአብሔር ጮኸች። ቅዱስ ሚካኤልም በክንፉ ተሸክሞ ባሏ ወዳለበት ቤተ ክርስቲያን መለሳት። ዛሬ ባል በአዲስ አበባ፣ ሚስት በገጠር፣ ወይም አንዱ በቀን ሽፍት ሌላው በሌሊት ሽፍት ሆነው የሚኖሩ ባለትዳሮች ከዚህ ታሪክ የሚያገኙት መጽናኛ አለ። ርቀት ትዳርን የሚያፈርሰው ልብ አስቀድሞ ሲለያይ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ደጃዝማች ካሣ ሳሉ ያገቧት ወይዘሮ ተዋበች የራስ ዓሊ ልጅ ነበረች። አባቷና ባሏ በጦር ሜዳ ሲፋለሙ እርሷ ከባሏ ጎን ጸንታ ቆመች፤ ራስ ዓሊም በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ድል ሆኑ። ሰው ወላጆቹን ትቶ ከትዳር ጓደኛው ጋር ይተባበራል የሚለው ቃል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በእርሷ ሕይወት እናያለን። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ስታርፍም የንጉሡ ኀዘን እጅግ የበረታ ነበር።

ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ደግሞ በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር በቅዱስ ቁርባን ሲወሰኑ ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር ያዩ ነበሩ። ያለፈው ኑሯቸው ግን ወደ ቁርባን ከመቅረብ አላገዳቸውም። ከዚያ በኋላ በዐድዋ ዘመቻ አብረው ዘመቱ። ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም በወደቁ ጊዜም እቴጌይቱ ከአልጋቸው አጠገብ አልራቁም፤ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ከተገለሉ በኋላ እንኳ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አስታመዋቸዋል። እርሳቸውም በ1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ዐረፉ፤ በኋላም ዐፅማቸው ወደ ታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም ፈልሶ ከባለቤታቸው አጠገብ ዐረፈ። ይህን ስናነሣ የቤተ መንግሥቱን ፖለቲካ ሁሉ ለምሳሌነት ማቅረባችን አይደለም። በሕመምና በውርደት ቀን መጽናት የቁርባን ፍሬ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ሕጉና ምሥጢሩ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በመንግሥት ሹም፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ዕውቅና ሰጥቷል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ አጽንቶ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አድርጓል። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለሚኖሩትም፣ ኑሯቸው ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከሆነ፣ የንብረት መብት ደንግጓል። ይህ ለተጎጂ የሚጠቅም ጥበቃ ነው። ነገር ግን ሕግ ንብረትን ያካፍላል እንጂ ሁለቱን አንድ ሥጋ አያደርግም። ይህ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ «ገንዘብ የለኝም» የሚለው ፍርሃት ይወገድ። ለጋብቻ የሚያስፈልገው ንስሐ፣ የሁለቱ ፈቃድ፣ የካህኑ ጸሎትና ሥጋ ወደሙ ነው። ዘመዶች ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በአንድ ማዕድ ጠበል ጠዲቅ ቢቀምሱ ሠርጉ ሙሉ ነው።

ሁለተኛ፣ «ድንግልናዬን አጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ ለእኔ አይሆንም» የሚል ተስፋ መቁረጥ ይቁም። ቤተ ክርስቲያን ለደናግል ጸሎተ ተክሊልን፣ ለሌሎችም ሥርዓተ መዓስባንን አዘጋጅታለች። በሁለቱም መንገድ የሚቀበሉት ቅዱስ ቁርባን አንድ ነው።

ሦስተኛ፣ አብረው የሚኖሩ ነገሩን ለነገ ሳያሳድሩ ወደ አጥቢያቸው ካህን ይቅረቡ፤ የንስሐ አባት የሌላቸውም ይያዙ። የገቡ ባለትዳሮች ደግሞ አንድ የንስሐ አባት ይኑራቸው፤ ሽፍታቸው ቢለያይ እንኳ የሚጸልዩበትን አንድ ሰዓት ይወስኑ፤ ለወላጅ የሚላከውን ገንዘብ ተነጋግረው ይላኩ፤ ቅያሜንም ፀሐይ ሳይጠልቅ ይፍቱ (ኤፌ. 4፥26)። ትዳርን የሚያጸናው በየዕለቱ የሚፈጸም ትንሽ ታማኝነት ነው።

ደመወዝ በወር መጨረሻ ይከፈላል፤ ያልቃልም። ቃል ኪዳን ግን እስከ ሞት ይዘልቃል። በቃና ዘገሊላ የጎደለውን የሞላ አምላካችን በፋብሪካው፣ በኪራይ ቤቱና በስደቱ ያሉትን ልጆቹን ትዳር ይባርክ፤ ሳይጋቡ የሚኖሩትንም ለንስሐና ለቅዱስ ቁርባን ያብቃልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።