የፍራፍሬና አትክልት ድብልቅ ለሕፃናት፡- አዘገጃጀቱና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

የፍራፍሬና አትክልት ድብልቅ ስድስት ወር ለሞላቸው ሕፃናት ከእናት ጡት ወተት በተጨማሪ የሚሰጥ፣ ፍራፍሬው በጥሬው፣ አትክልቱ ደግሞ ተቀቅሎ ተፈጭቶ ወይም በሹካ ተደፍጥጦ የሚዘጋጅ ወፈር ያለ ምግብ ነው። በጭማቂ ቤቶች ከሚሸጠው ጭማቂ የሚለየው ስኳርና ሽሮፕ የማይጨመርበት፣ በውኃ የማይቀጥንና ከነአሰሩ በማንኪያ የሚበላ በመሆኑ ነው።

የሕፃናት አመጋገብ በአገር አቀፍ ደረጃ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 38 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረው 58 በመቶ ጋር ሲነጻጸር መሻሻል ቢታይም፣ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ተቀባይነት ያለውን ዝቅተኛውን የአመጋገብ ደረጃ ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ጥናቱ አሳይቷል። መንግሥት በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ያለመ ነው።

ለድብልቁ የሚያስፈልጉት ግብዓቶች በአብዛኛው በአገር ውስጥ የሚመረቱ ናቸው። ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ ስኳር ድንች በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ንጥረ ነገር አላቸው። ይህ ንጥረ ነገር ከስብ ጋር ሲወሰድ በተሻለ ሁኔታ ስለሚዋሃድ ጥቂት ዘይት፣ ቅቤ ወይም አቮካዶ መጨመር ይመከራል። በፓፓያ፣ በብርቱካንና በሎሚ የሚገኘው ቫይታሚን ሲ ደግሞ በጥራጥሬና በጎመን ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት እንዲውል ያግዛል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው እጅን በሳሙና በመታጠብ ነው። ፍራፍሬውና አትክልቱ በንጹህ ውኃ ከታጠበ በኋላ ይላጣል፤ ፍሬውና ጭረቱም ይወጣለታል። ካሮት፣ ዱባ፣ ስኳር ድንችና ጎመን እስኪለሰልሱ ድረስ በጥቂት ውኃ ይቀቀላሉ፤ የተቀቀሉበት ውኃም ለማላሚያ ያገለግላል። የበሰለ ሙዝ፣ አቮካዶና ፓፓያ መቀቀል አያስፈልጋቸውም። ሩብ አቮካዶ ከአንድ ቁራጭ ፓፓያ ጋር፣ ወይም አንድ ትንሽ ካሮት ከዱባና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጋር ማዋሃድ ለጀማሪ ሕፃን ተስማሚ ነው። የኤሌክትሪክ መፍጫ በሌለበት ቤት ሹካና ወንፊት በቂ ናቸው። መፍጫ የሚጠቀሙ ሰዎች ግን ምላጩንና የጎማ ክዳኑን ፈታተው ማጠብ ይኖርባቸዋል።

ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ሕፃን በአንድ የምግብ ሰዓት ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ጀምሮ ቀስ በቀስ 250 ሚሊ ሊትር ከሚይዝ ኩባያ እስከ ግማሽ ድረስ ምግብ ይሰጠዋል። የሕፃን ሆድ ትንሽ በመሆኑ ቀጭን መጠጥ ከሞላው ለገንፎው ቦታ አይተርፍም። በመሆኑም ድብልቁ ገንፎን፣ ጥራጥሬን፣ እንቁላልንና የጡት ወተትን የሚያሟላ እንጂ የሚተካ አይደለም። ከዘጠኝ ወር በኋላም ሕፃኑ ማኘክን እንዲለማመድ ምግቡን ከማድቀቅ ይልቅ በትናንሹ መክተፍ ይገባል።

ለሕፃናት በሚዘጋጀው ድብልቅ ላይ ስኳርና ጨው አይጨመርም። ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ለከባድ መመረዝ ሊያጋልጥ ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም። በጡጦ ማጠጣት ለጥርስ መበስበስና ለተቅማጥ ስለሚዳርግ ማንኪያና ኩባያ መጠቀም ይመረጣል። አዲስ የምግብ ዓይነት ለየብቻው ማስጀመር፣ የማይስማማው ካለ ለመለየት ይረዳል። የተዘጋጀው ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም።

ጉዳዩ የመንግሥት ሠራተኞችን በቀጥታ ይመለከታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ከወሊድ በኋላ የ90 ቀናት ፈቃድ ፈቅዶ የነበረ ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙም ደንግጎ ነበር። በዚህ ስሌት እናት ወደ ሥራ ገበታዋ ከተመለሰች በኋላ ሕፃኑ ተጨማሪ ምግብ እስከሚጀምርበት ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ይቀራል። በዚያን ጊዜ ምግቡን የሚያዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ ሞግዚት ወይም የማቆያው ሠራተኛ ነው። ስለሆነም ወላጆች የአዘገጃጀቱን ሥርዓት አስቀድመው ማስረዳት፣ የማቆያ ኃላፊዎችም ንጹህ ውኃ፣ ማቀዝቀዣና የእጅ መታጠቢያ መሟላታቸውን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል።