የጎተራው ቁልፍ በማን እጅ ነበር? የሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ ደርግና የውጭ ረጂዎች

 

ለወሎ ሰው «ሰባ ሰባት» ሲባል ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለ ረሃቡም ብዙ ሰምተናል። ዛሬ የማነሳው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ገዢው በሩን የዘጋበትን ሕዝብ ከውጭ የሚመጣ ሰው እንዴት ይርዳው?

መጀመሪያ ታሪኩን እንይ። በ1966 ጥቅምት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የንጉሡ መንግሥት የሸፈነውን የወሎ ረሃብ ለዓለም አሳየ። ደርግም ያንኑ ፊልም ንጉሡን ለማውረድ ተጠቀመበት። ከ10 ዓመት በኋላ ግን ራሱ ያንኑ ሠራ። መስከረም 1977 አዲስ አበባ ለአብዮት በዓል ስታሸበርቅ፣ ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን የማይክል ቡርክ ዘገባ በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ። ምስሉን የቀረጸው ሙሐመድ አሚን፣ የናይሮቢ ተወላጅ ሙስሊም ነበር፤ አላህ ይዘንለት።

ከዚያ እርዳታው ጎረፈ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተካሄደ። ኢስላሚክ ሪሊፍም በእንግሊዝ አገር የተመሠረተው በዚያው ጊዜ በአፍሪካ ረሃብ ምክንያት ነው። የሰጪዎቹ ኒያ መልካም ነበር። ነገር ግን እህሉ የት እንደሚሄድ የሚወስነው ደርግ ነበር። መንግሥት 600 ሺህ ገደማ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ መተከል አሰፈረ። ወዶ የሄደ ነበር፤ እህል ሊቀበል ከተሰለፈበት ታፍሶ የሄደም ነበር። ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት ተለያየ። ለማዳን የመጣው እህል ለማጥመጃ ዋለ ማለት ነው።

ረጂዎቹ ይህን ሲያዩ መንገዳቸው ተለያየ። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች አደባባይ ወጥቶ ተናገረና በ1978 ኅዳር ከአገር ተባረረ። አብዛኞቹ «ከተናገርን እንባረራለን፤ ከተባረርን ሕዝቡ ያልቃል» ብለው ዝም አሉ። ሌሎች ደግሞ ደርግን ሳያስፈቅዱ ከሱዳን በሌሊት ጭነው ወደ ትግራይና ኤርትራ አስገቡ።

ማንኛቸው ልክ ነበሩ? ዝም ያሉትን ሁሉ መኮነን ይከብዳል፤ በእነሱ እጅ ብዙ ሕፃን ድኗል። ቢሆንም ተናጋሪው ብቻውን ስለቀረ ማባረሩ ቀላል ሆነ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ቢናገሩ ኖሮ የእነሱን እህል የሚፈልግ መንግሥት ሁሉንም ማባረር ይከብደው ነበር። የለጋሾች ጩኸት ከበረታ በኋላ ሰፈራው በ1978 ለጊዜው መቆሙን ልብ ይሏል።

በዲናችን ለዚህ ምሳሌ አለን። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐለይሂ ሰላም) የእርሳቸውን እምነት በማይከተል ንጉሥ አገር ሕዝብን ከረሃብ ለማዳን ሠርተዋል። ከገዢ ጋር መሥራት በራሱ ነውር አይደለም። ግን የጠየቁት ምን ነበር? ሹመትና ካባ ሳይሆን የጎተራውን ኃላፊነት ነው። ቁልፉን ሳይዙ እህል ማስገባት ግን አማናን ለማያውቁት ሰው ትቶ እንደመሄድ ነው።

ይህ ያለፈ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2013 ማብቂያ ጦርነቱ ላስታ ሲደርስ ስልክና ባንክ ተቋርጦ፣ ውጭ ያለው ዘመዳችን ለማን እንደሚልክ ግራ ገብቶት ነበር። እናም በዐረብ አገርም በአውሮፓም ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰደቃችሁን ስትልኩ «ለየትኛው ኮሚቴ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ያቺ መበለት እጅ ደረሰ ወይ?» ብላችሁ ራሷን መበለቷን ጠይቁ። የኛንም የመስጂድ ኮሚቴዎች ጨምሮ፣ ስትጠይቁ ቅር የሚለው ካለ ቁልፉን አትስጡት።

አላህ በሰባ ሰባት ያለቁትን ይማርልን፤ የተበተኑትን ዘመዶቻችንን ያገናኝልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።